ሰካራም ባትሆኚም ሂጂ

መጠይቁን አትዝጊው። ከኋላሽ ቆሜ አየሁት፤ ታላቅሽ ነኝና አይቼ እንዳላየሁ አላልፍም። ፈቀቅ በይልኝ፣ አብረን እንየው።

ይሄ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ «ኦዲት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣ ጀምሮ በብዙ አገር ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ጥያቄዎቹ 10 ናቸው፣ ውጤቱም ከ0 እስከ 40 ይሄዳል። በየስንት ጊዜው ትጠጫለሽ፣ ስትጠጪስ ስንት ብሎ ይጀምርና ጠለቅ ይላል። ከጀመርሽ በኋላ ማቆም አቅቶሽ ያውቃል? በመጠጥ የተነሣ የሚጠበቅብሽን ሳታደርጊ ቀርተሻል? ጠዋት ለመነሣት መጠጥ አስፈልጎሻል? ጸጸት፣ የማታውን መርሳት፣ በራስሽ ወይም በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት፣ «ቀንሺ» ያለሽ ዘመድ ወይም ሐኪም፤ ሁሉንም ይጠይቃል። 8 እና ከዚያ በላይ ከመጣ አጠጣጥሽ ሊጎዳሽ የሚችል ነው ማለት ነው። 20 ከደረሰ ሱስ መኖር አለመኖሩን ባለሙያ በደንብ ሊመረምረው ይገባል።

ስትሞዪው ቁጥሩን አታሳንሺ። እዚያ «አንድ መጠጥ» የሚባለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘው ነው። 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ሦስት ጠርሙስ ብለሽ የምታስቢው ወደ አራት ይጠጋል። ጃምቦው ከዚያም ይበልጣል። ቤት ውስጥ በውሃ ብርጭቆ የሚቀዳውን ወይን ደግሞ ማን ቆጥሮት ያውቃል።

ውጤቱን ለእኔ መንገር የለብሽም። ከመጠይቁ በፊት ግን «ሰካራም መሆኔን በምን አውቃለሁ» ብለሽ እንደፈለግሽ አይቻለሁ፤ ልናገርሽ የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘሽ ከቀጠልሽ መቼም ወደ ባለሙያ አትሄጂም። በሁላችንም ዓይን ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ አረቄ ቤቱ በር ላይ የሚተኛው፣ ልጆቹ አይተውት በሌላ መንገድ የሚዞሩት። አንቺ ሥራሽን በሰዓቱ ትገቢያለሽ፣ የቤት ኪራይ አታሳልፊም፣ ዕቁብሽን ትጥያለሽ። ራስሽን ከእሱ አጠገብ አቁመሽ «ተመስገን፣ እኔ ደኅና ነኝ» ትያለሽ። ያ ምስኪን ለስንቱ ሰው መደበቂያ እንደሆነ ሳስብ አዝናለሁ። ምክር ለመጠየቅ እሱ የደረሰበት መድረስ የለብሽም። ደም ግፊታችን ከፍ ማለት ሲጀምር ጨው እንቀንሳለን እንጂ እስኪጥለን አንጠብቅም። ራስሽን ጠይቂ ከተባልሽ፣ መጠጡ ምን እየሠራልኝ ነው፣ ለዚያስ ምን እያስከፈለኝ ነው ብለሽ ጠይቂ።

ምን እንደሚሠራልሽ አውቃለሁ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ነው። ሠልስቱም አርባውም ሲወጣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፣ አንቺ ግን እንቅልፍ አጣሽ። አንድ ብርጭቆ ወይን እንቅልፍ ያመጣል፤ ይህን የሚክድ ሐኪም የለም። ነገር ግን አልኮሉ ከሰውነትሽ እየወጣ ሲሄድ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልብሽ እየመታ የምትነቂው ለዚህ ነው። የጠዋቱ ጭንቀትም የዚያው ቤተሰብ ነው። አንጎል መጠጡ ያደነዘዘውን ለማካካስ ይበልጥ ይነቃል፤ መጠጡ ሲያልቅ መነቃቃቱ ብቻውን ይቀርና ደረትሽን ያፍንሻል። ማታ ያንን ለማብረድ እንደገና ትቀጂያለሽ። ይህ ዙር የተጀመረው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም፤ እምነትሽ ስላነሰም አይደለም። ኀዘን ይዞሽ፣ የሚያስተኛሽ ነገር ፈለግሽ፣ በእጅሽ ያገኘሽው እሱን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ፊት ስትቀመጪ ስለ መጠጡ ብቻ አትናገሪ፤ ስለ አባዬም ንገሪው። ሁለቱን ለያይቶ ማከም ከባድ ነው።

«በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ አልቀመስኩም» ልትዪኝ ነው። አልቀመስሽም፣ ምስክር ነኝ። ለባለሙያውም ንገሪው፤ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳያልብሽ ማቆም መቻልሽ ሰውነትሽ ያኔ እንዳልተገዛ ያሳያልና ለሕክምናው ጠቃሚ መረጃ ነው። ግን ያን ጊዜ አንቺን የያዘሽ ፈቃድሽ ብቻ አልነበረም። እማዬም ትጾማለች፣ የቢሮ ጓደኞችሽም ይጾማሉ፣ የሠፈሩ ግሮሰሪ ራሱ ጭር ይላል፤ «ጠጪ» የሚልሽ አንድ ሰው የለም። የፋሲካ ዕለት ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቂዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ 56ኛው ቀን ነው። ጾም በሌለበት አንድ ተራ ማክሰኞ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ እጅሽ ወደ ፍሪጁ ሲሄድ ምን ታደርጊያለሽ? የባለሙያው ሥራ እዚያ ማክሰኞ ላይ ነው።

የሚያስፈራሽ ሌላ ነገር እንዳለም ይገባኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት መቀመጥ ሽማግሌ ፊት መቅረብ መስሎሻል። በእኛ ቤት ሰው ሲጠጣ የሚደረገውን አይተን ነው ያደግነው፤ ታላላቆች ይሰበሰባሉ፣ በየተራ ይመክራሉ፣ አክስት ታለቅሳለች፣ ጠጪው አንገቱን ደፍቶ «ሁለተኛ አልደግመውም» ይላል፣ ይመረቃል፣ ማዕድ ይቀርባል። በፍቅር የሚደረግ ነው። ግን በዚያ ጉባኤ ላይ ብዙ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፤ ጠጪው ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ተናግሮ አያውቅም።

ዊሊያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ፤ ይህን ነገር በሙያ ዘመኑ ሁሉ አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ አማካሪው ጠጪውን ይበልጥ በተጋፈጠውና በተሟገተው ቁጥር ሰውየው ከዓመት በኋላ ይበልጥ ሲጠጣ ተገኘ። ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎት፣ በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያሰፋው የምክክር ዘዴ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ የምትለወጪበትን ምክንያት ከራስሽ አፍ ያወጣል። ለምሳሌ «መጠጥ መቀነስ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ያስፈልግሻል?» ይልሻል። «4» ትያለሽ። «ለምን 4 ብቻ?» ብሎ የሚወቅስሽ ይመስልሻል። እሱ ግን «0 ያላልሽው ለምንድን ነው?» ይልሻል። ይህን ለመመለስ አፍሽን ስትከፍቺ ማንም ያልነገረሽ ነገር ይወጣል። ጠዋት እማዬ ስትስምሽ እንዳይሸታት ፊትሽን ማዞርሽ፣ ያም እንደሰለቸሽ፤ ይህን እኔ ብነግርሽ ትቆጪኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እንደዚህ ያለ ነው። ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ዓይነት መጠጥ፣ ጫት አብሮ አለ ወይ፣ ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ትጠጫለሽ ወይ ይጠይቁሻል። ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለምትወስጂው መድኃኒት፣ ጥሎሽ ያውቅ እንደሆነ፣ ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂ እንደሆነ ይጠይቁሻል። የመጨረሻው ጥያቄ እንዳያስደነግጥሽ፤ ሁሉንም ሰው ይጠይቃሉ፣ መልሱ «አዎ» ከሆነም እዚያው ተናገሪው። የነገርሻቸው ነገር ምስጢር ነው፤ የአንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ከክፍሉ አይወጣም። ይህ ምስጢር እስከየት ድረስ እንደሚጠበቅ በመጀመሪያው ቀን አንቺው ጠይቂ፤ ደኅና ባለሙያ ጥያቄው ደስ ይለዋል።

ከዚያ ደብተር ይሰጥሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሪ እልሻለሁ። ለሁለት ሳምንት፣ ሳትቀንሺና ሳትጨምሪ፣ ስንት እንደጠጣሽ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከመጠጣትሽ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሆንሽ ጻፊ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ሁሉም መጠጥ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ታያለሽ። ዓርብ ከጓደኞችሽ ጋር የምትጠጪው ሌላ ነው፤ ከአለቃሽ ጋር ተጣልተሽ፣ ምሳ ሳትበይ ውለሽ፣ ብቻሽን የምትጠጪው ሌላ ነው። ያን ጊዜ ከባለሙያው ጋር የምትሠሩት ግልጽ ይሆናል፤ የትኛው ሰዓት እንደሚያጠቃሽ ለይታችሁ ለዚያ ሰዓት ሌላ መንገድ ታዘጋጃላችሁ። አንዳንዱ መፍትሔ ሲሰማ የሚናቅ ይመስላል፤ ከቢሮ ከመውጣትሽ በፊት መብላት፣ ወይኑን ከቤት ማውጣት፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የምትደውይለት ሰው መኖር። አትናቂው። ፍላጎቱ በመጣ ሰዓት ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ እስኪወርድ የምታልፊበት ነገር ነው የሚያስፈልግሽ።

ብትሳሳቺስ? አንድ ቀን ትሳሳቺ ይሆናል፤ ለዚያ ከአሁኑ እናስብ። አለን ማርላት የሚባል የሲያትል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ከጁዲት ጎርደን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ነገር አለ። ለማቆም የወሰነ ሰው አንድ ብርጭቆ ሲቀምስ የሚጥለው ብርጭቆው ብቻ አይደለም፤ «በቃ፣ አበላሸሁት፣ እኔ እንዲህ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ነው ቀሪውን ጠርሙስ የሚያስጨርሰው። እኛ ጋ ይህ የሚብሰው በስዕለት ነው። በቅዱሳን ስም ተስሎ የቀመሰ ሰው የበደለው ፈጣሪን ጭምር ነው ብሎ ስለሚያስብ ለመመለስ ፊት ያጣል፤ ስንት ሰው በአንድ ብርጭቆ ጀምሮ ወር ሙሉ የጠፋው በዚህ ነው። ከተሳሳትሽ በማግሥቱ ቀጠሮሽን አትሰርዢ። ይልቅ አስቀድሚው። «ጠጣሁ» ብለሽ ግቢና ከመጠጣትሽ በፊት የሆነውን አብራችሁ ፈትሹ።

የትኛው ሕክምና ይሻላል ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ አታንብቢ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ፕሮጀክት ማች» የሚባል ትልቅ ጥናት 1,726 ሰዎችን በሦስት ዓይነት የምክክር ሕክምና አሳልፎ ነበር፤ አንዱ ሐሳብንና ልማድን የሚያርም፣ አንዱ የሚለር ዓይነት 4 ስብሰባ ብቻ ያለው፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የሚከተላቸውን 12 ደረጃዎች የሚያስተዋውቅ። የሦስቱም ውጤት በአመዛኙ ተቀራራቢ ሆነ፤ ሰዎቹም በሦስቱም አጠጣጣቸውን በእጅጉ ቀነሱ። ከዚህ የምወስደው፣ የዘዴውን ስም ትተሽ ሳትዋሺ ልታወሪው የምትችዪውን ሰው ፈልጊ ነው።

«ሙሉ በሙሉ አቁሚ ይሉኛል» ብለሽም አትቅሪ። ሱስ ያልያዘው ሰው መቀነስን ግብ አድርጎ ሊጀምር ይችላል፤ ባለሙያው አብሮሽ ልክ ያወጣል፣ ልኩ ካልተጠበቀ ደግሞ ማቆምን ታነሣላችሁ። ጉበቱ የታመመ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች፣ ሱሱ የጸና ሰው ግን ማቆም ነው ያለበት። አንቺ ሴት ነሽና ይህንም እወቂ፤ በእኩል መጠጥ በደማችን የሚገኘው አልኮል ከወንዶቹ ይበልጣል፣ የጡት ካንሰር ዕድልም በትንሽ መጠን እንኳን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም የማይጎዳ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ስትወስኚ አውቀሽ ወስኚ።

ቀጥሎ የምነግርሽን ደግሞ ለአንቺም ለሌላውም ያዢልኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲቀምስ የሚረጋጋለት ሰው ባንዴ ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፤ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ፣ ያለበትን የማያውቅ አለ። ያ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ቤት ግን እንደ ዲያዜፓም ባለ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ይታለፋል።

ይህን የምለው ጠበል ቦታ የሚሆነውን ስለማስብ ነው። ቤተሰብ ጠጪውን እንጦጦ ማርያም ወይም ሌላ ቦታ ይወስደዋል፣ መጠጡ በአንድ ቀን ይቆማል፣ ምግቡም ያንሳል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ይጮኻል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲሄዱ ያያል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ያሉት መንፈሱ ጮኸ ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ሰውየው ግን አልኮል የተቋረጠበት አንጎሉ ታውኮ በሞት አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ እጠመቃለሁ፤ ጠበሉን ተዉ አልልም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እየበላ ይጠመቅ። ሰውየው ከቃዠ ወይም ከተንፈራገጠ ደግሞ ያን ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ። ለሚጠጣው የጎረቤታችን ልጅ ቤተሰቦች ይህን የምትነግሪያቸው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል፤ አንቺን ይሰሙሻል።

መድኃኒትም አለ። ናልትሬክሶን የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፤ አካምፕሮሴት ላቆመ ሰው እንዳቆመ እንዲቆይ ያግዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2023 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷቸዋል። ዳይሰልፊራም የሚባለው ደግሞ የወሰደው ሰው ከጠጣ ያስመልሰዋል፣ ፊቱን ያቀላዋል፣ ልቡን ያስመታዋል፤ ይህን ጠጪው ሳያውቅ ወጥ ውስጥ መጨመር ሰው መግደል ሊሆን ይችላል። ለአንቺ የሚያስፈልግ መኖር አለመኖሩን ሐኪሙ ይወስን።

የት ልሂድ ካልሽኝ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለው፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለው። አማኑኤል የሚለውን ስም ስትሰሚ ፊትሽ እንደተለወጠ አየሁ። ልጅ ሆነን ሰው ስንሰድብበት ያደግነው ስም ስለሆነ ነው። ያ ስድብ ስንት ሰው በጊዜ እንዳይታከም አድርጓል! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ሕዝብ በሽታውን በተናገረችው ላይ ስም ሲያወጣ ያናድደኛል። እዚያ መታየት ካልፈለግሽ አልጫንሽም፤ በሌሎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም የአእምሮ ጤና ነርስ ልታገኚ ትችያለሽ፣ የግል አማካሪዎችም አሉ። ስትደውዪ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሥራ ሠርተው ያውቁ እንደሆነ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ሲመጣ ከየትኛው ሐኪም ጋር እንደሚሠሩ ጠይቂ። በመጀመሪያው ቀን የሚሰብክሽ፣ የሚያሳፍርሽ፣ ወይም «በአንድ ሳምንት አድንሻለሁ» የሚልሽ ከሆነ ሁለተኛ አትመለሺ፤ ሌላ ፈልጊ። አንዱ አልሆነም ማለት ነገሩ አይሠራም ማለት አይደለም።

የሰዉን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። ማኅበር ላይ ጠላ ይቀዳል፣ ሠርግ ላይ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፤ በአገራችን እምቢ ማለት አስተናጋጁን መናቅ ይመስላል። ረጅም ምክንያት አትስጪ፤ ምክንያት በሰጠሽ ቁጥር መልስ ይኖራቸዋል። ብርጭቆሽ ባዶ አይሁን፤ ቀሪቦም ይሁን ብርዝ፣ አምቦ ውሃም ይሁን ማልት ቀድተሽ ያዢ። «ዛሬ አልጠጣም፣ ምግቡን ግን ጨምሩልኝ» በይና ብዪ፤ በእኛ ቤት የሚበላ እንግዳ የሚቀየመው የለም። እኔ ካለሁ ደግሞ እኔ እመልስልሻለሁ።

እማዬን በተመለከተ፣ ንገሪልኝ ካልሽኝ እነግራታለሁ፤ ዝም በይ ካልሽኝም ዝም እላለሁ። በቀጠሮሽ ቀን ግን የት እንደሄድሽ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ፈቃድሽ ከሆነ እኔ እሁን። በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ስትወጪ ምን እንደተባባላችሁ አልጠይቅሽም፣ ምሳ እንበላለን። አሁን ወደ መጠይቁ ተመለሺ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበርሽ።